ራም ከተጨመረለት በኋላ የማይነሳ ኮምፒውተር

ራም ከተጨመረለት በኋላ የማይነሳ ኮምፒውተር የሚባለው፣ የማስታወሻ ካርድ ከተጨመረለት ወይም ከተቀየረለት በኋላ ሲበራ ስክሪን ላይ ምንም የማያሳይ፣ ቢፕ እያለ የሚቆም፣ በራሱ እየጠፋ እየበራ የሚመላለስ ወይም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ሳይጭን የሚቀር ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ነው። ችግሩ የተለመደ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው አንድም የተበላሸ ዕቃ ሳይኖር ነው። ካርዱ እስከ መጨረሻው አልገባም፣ የገባበት ስሎት ትክክለኛው አይደለም፣ ወይም ካርዱና ማዘርቦርዱ አይስማሙም። ሆኖም ምክንያቱን ሳይለይ አዲስ ማዘርቦርድ የሚገዛ፣ ከዚያም አልፎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጭኖ የዓመታት ፋይሉን የሚያጠፋ ሰው አይጠፋም። የተቀመጡ ፋይሎች ያሉት በሃርድ ዲስክ ወይም በኤስኤስዲ ላይ እንጂ በራም ላይ አይደለም። ስለዚህ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ የቀረ ኮምፒውተር ላይ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንደገና መጫን ችግሩን አይነካውም።

ኮምፒውተሩ ሲበራ የሚከናወነው

የማብሪያው ቁልፍ ሲጫን መጀመሪያ የሚሠራው ዊንዶውስ ወይም ሊነክስ ሳይሆን፣ በማዘርቦርዱ ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ ውስጥ የተጻፈው ባዮስ ነው። በአዳዲስ ማዘርቦርዶች ይህ ፕሮግራም ዩኢኤፍአይ ይባላል፤ በተለምዶ ግን አሁንም ባዮስ እየተባለ ይጠራል። ባዮስ ሲጀምር ገና የሚጠቀምበት ራም ስለሌለው በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለውን ካሽ እንደ ጊዜያዊ ማስታወሻ ይገለገልበታል። ከዚያም በየስሎቱ ምን እንደተሰካ ይመረምራል። በራም ካርድ ላይ ከማስታወሻ ቺፖቹ ሌላ ኤስፒዲ የምትባል ደቃቅ ቺፕ አለች። የካርዱ መጠን፣ ፍጥነት፣ የሚፈልገው ቮልትና የጊዜ አቆጣጠሩ የተመዘገበው እሷ ላይ ነው። ባዮስ ይህን ካነበበ በኋላ የማስታወሻ ተቆጣጣሪውን ያስተካክላል፣ በየመስመሩ ምልክት እየላከና እየተቀበለም ትክክለኛውን ቅጽበት ይፈልጋል። ይህ ሥራ የማስታወሻ ሥልጠና ይባላል።

ስክሪኑ ጽሑፍ የሚያሳየው በአብዛኛው ከዚህ በኋላ ነው። ራሙ ካልሠራ ባዮስ ችግሩን በጽሑፍ የሚናገርበት መንገድ የለውም ማለት ነው። ፋኑ ይዞራል፣ የኬዙ መብራት ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ሞኒተሩን ወይም ግራፊክስ ካርዱን የሚጠረጥረው ለዚህ ነው።

ሥልጠናው ጊዜ ይወስዳል። በቆዩ ማሽኖች ላይ ከጥቂት ሰከንድ አይበልጥም። በዲዲአር5 ማሽኖች ላይ ግን፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው የኤኤምዲ ኤኤም5 ሶኬት ላይ፣ ራም ከተቀየረ በኋላ የመጀመሪያው ማብራት ብዙ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፤ የራሙ መጠን በጨመረ ቁጥር ጊዜውም ይረዝማል። በዚህ መካከል ኮምፒውተሩ በራሱ ጠፍቶ መብራቱም እንግዳ ነገር አይደለም። ባለቤቱ ተበላሸ ብሎ ካጠፋው ሥልጠናው ከመነሻው ይጀምራል፤ ደጋግሞ ካጠፋው ደግሞ ፍጹም ጤነኛ የሆነ ማሽን «የማይነሳ» ሆኖ ይውላል። እንዲህ ባለ ማሽን ላይ ሌላ ነገር ከመነካቱ በፊት እስከ 15 ደቂቃ መጠበቅ ይመከራል።

አገባቡ

ከሁሉ በፊት መፈተሽ ያለበት ካርዱ በትክክል መግባቱ ነው። ራም ሲገባ ጠንከር ያለ ግፊት ይፈልጋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስገባ ሰው ማዘርቦርዱ የሚሰበር እየመሰለው በግማሽ ይተወዋል። በትክክል የገባ ካርድ በሁለቱም ጫፍ ያሉት መቀርቀሪያዎች «ቀጭ» ብለው በራሳቸው ይዘጋሉ። መቀርቀሪያውን በጣት ገፍቶ መዝጋት ካርዱ ሳይገባ የገባ ያስመስለዋል። አንዳንድ ማዘርቦርዶች መቀርቀሪያ ያላቸው በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ በእነዚህ ላይ መቀርቀሪያ የሌለው ጫፍ ትንሽ ከፍ ብሎ መቅረቱ በዓይን ሲታይ ላያስታውቅ ይችላል። ኬዙን በጎኑ አስተኝቶ ከላይ ወደ ታች መጫን፣ አቁሞ ከመግፋት ይሻላል።

ካርድ የሚወጣውም የሚገባውም ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ብቻ ሳይሆን ገመዱ ከሶኬት ተነቅሎ ነው። የጠፋ ዴስክቶፕ ገመዱ እስካልተነቀለ ድረስ 5 ቮልት ተጠባባቂ ኤሌክትሪክ ወደ ማዘርቦርዱ ይልካል። ገመዱ ከተነቀለ በኋላ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ መያዝ የቀረውን ያፈስሰዋል። ካርዱ የሚያዘው በጠርዙ ነው፤ ከመያዙም በፊት ቀለም ያልተቀባ የኬዙን ብረት መንካት በሰውነት ላይ የተጠራቀመውን ስታቲክ ኤሌክትሪክ ያስወግዳል። በደረቅ አየር፣ ሱፍ ወይም ናይለን ለብሶ፣ ምንጣፍ ላይ ቆሞ መሥራት አይመከርም።

ያገለገለ ካርድ ወርቃማ ንክኪዎቹ ላይ ቅባትና አቧራ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ጠጋኞች በላጲስ የሚፈትጉት ለዚህ ነው። ዘዴው ይሠራል፤ ነገር ግን የወርቁ ሽፋን እጅግ ስስ ስለሆነ ደጋግሞ መፈተግ ያነሳዋል፣ የላጲሱ ፍርፋሪም ስሎት ውስጥ ገብቶ አዲስ ችግር ይሆናል። አይሶፕሮፒል አልኮል በነካ ንጹሕ ጨርቅ ጠርጎ እስኪደርቅ መጠበቅ የተሻለ ነው። ስሎቱን በአፍ እፍ ማለት ደግሞ ከአቧራው ጋር የምራቅ ርጥበት ያስገባል።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚረሳው፣ ራም ለማስገባት የገባ እጅ ሌላ ነገር ሊነካ መቻሉ ነው። ግራፊክስ ካርዱ ከቦታው ትንሽ ይነሳል፣ ከማዘርቦርዱ ጥግ ያለው ባለ 4 ወይም ባለ 8 ፒን የፕሮሰሰር ኤሌክትሪክ ገመድ ይላላል፣ የዲስኩ ገመድ ይወጣል። ኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ጽሑፍ አሳይቶ «የሚነሳበት ዲስክ የለም» ካለ ራሙ ሥራውን ሠርቷል፤ የሚታየው የዲስኩ ገመድ ነው።

የትኛው ስሎት

አራት ስሎት ያላቸው አብዛኞቹ ዴስክቶፖች ራሙን የሚያነቡት በሁለት ቻናል ሲሆን በእያንዳንዱ ቻናል ሁለት ስሎት አለ። ሁለት ካርድ ብቻ ሲኖር በአዳዲስ ማዘርቦርዶች ላይ የሚመረጡት ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ናቸው፤ በማኑዋሉ ኤ2 እና ቢ2 ተብለው ይጻፋሉ። ምክንያቱ ኤሌክትሪካዊ ነው። የአንዱ ቻናል ሁለት ስሎቶች በአንድ መስመር ላይ ተከታትለው የተቀመጡ በመሆናቸው፣ ካርዱ በመጀመሪያው ስሎት ገብቶ የመጨረሻው ባዶ ከቀረ ምልክቱ ከባዶው ጫፍ ነጥሮ ይመለስና ዋናውን ይረብሻል። በዝቅተኛ ፍጥነት ላያስታውቅ ይችላል፤ በከፍተኛ ፍጥነት ግን ማሽኑን እስከ አለማስነሳት ያደርሳል። በቆዩ ማዘርቦርዶች አቀማመጡ ሊለያይ ስለሚችል ማኑዋሉን ማየት ያስፈልጋል። ማኑዋሉ ከጠፋ ከስሎቱ አጠገብ በማዘርቦርዱ ላይ የታተመው ጽሑፍ ይረዳል።

የማይስማሙ ካርዶች

የራም ደረጃዎችን የሚያወጣው ጄዴክ የተባለው ድርጅት ነው። ዲዲአር3 እ.ኤ.አ. በ2007፣ ዲዲአር4 በ2012፣ ዲዲአር5 በ2020 ታትመዋል። አንዱ በሌላው ስሎት አይሠራም። ዲዲአር2 እና ዲዲአር3 ሁለቱም 240 ፒን፣ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 ሁለቱም 288 ፒን ስላላቸው በዓይን ይመሳሰላሉ፤ በካርዱ ግርጌ ያለው ክፍተት ግን የተለያየ ቦታ ላይ ነው። ይህም ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ የሚፈልጉት ቮልት ይለያያልና፦ ዲዲአር2 1.8፣ ዲዲአር3 1.5፣ ዲዲአር4 1.2፣ ዲዲአር5 1.1። ክፍተቱ ከስሎቱ ጉብታ ጋር ካልገጠመ መግፋት ማቆም ነው። በጉልበት ወይም ተገልብጦ የገባ ካርድ ራሱንም ስሎቱንም ሊያቃጥል ይችላል፤ በዚህ ርዕስ ውስጥ ከተጠቀሱት ስሕተቶች ሁሉ መመለሻ የሌለው ይህ ነው።

ከዚህ የሚከብደው በስሎቱ ልክ የሚገባ ነገር ግን የማይሠራ ካርድ ነው። ዋናው ምሳሌ የሰርቨር ራም ነው። ሬጂስተርድ የሚባለው የሰርቨር ዲዲአር4 ካርድ ክፍተቱ ከዴስክቶፑ ካርድ ጋር አንድ ዓይነት በመሆኑ ያለ ችግር ይገባል፤ ተራ ዴስክቶፕ ግን አያነሳውም። ከአገልግሎት የወጡ ሰርቨሮች ራም በርካሽ ስለሚሸጥ ገዢ ይሳባል። የሚለየው በካርዱ መሐል ላይ ከሌሎቹ በተለየ ቅርጽ በተቀመጠች አንዲት ተጨማሪ ቺፕ፣ እንዲሁም በተለጠፈው መለያ ላይ ከፍጥነቱ ቁጥር ኋላ በሚገኘው ፊደል ነው፤ የዴስክቶፕ ካርድ «ዩ»፣ የሰርቨር ካርድ «አር» የሚወክሉ የላቲን ፊደላት አሏቸው። በዲዲአር5 ይህ አደጋ ቀርቷል፤ የሰርቨሩ ካርድ የክፍተቱ ቦታ ስለተለየ ከዴስክቶፕ ስሎት ጋር አይገጥምም።

ሁለተኛው «ለኤኤምዲ ብቻ» ተብለው የሚሸጡ ርካሽ የዲዲአር2 እና የዲዲአር3 ካርዶች ናቸው። በእነዚህ ላይ እያንዳንዱ ቺፕ በአንድ ጊዜ 4 ቢት ብቻ የሚያወጣ ሲሆን፣ የተለመደው የዴስክቶፕ ካርድ ቺፕ 8 ቢት ያወጣል። አንዳንድ የቆዩ የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ይህን አደራደር ያውቁታል፤ የኢንቴል ዴስክቶፖች ግን አያውቁትም። ካርዱ አልተበላሸም፤ ማሽኑ ቋንቋውን አይችልም እንጂ።

ሦስተኛው የቺፑ ጥግግት ነው። ኢንቴል ጂ41 ቺፕሴት ያላቸው ዲዲአር3 ማዘርቦርዶች ባለ 4 ጊጋባይት ካርድ ይቀበላሉ፤ ነገር ግን ካርዱ በ16 ቺፖች፣ በየጎኑ 8 8 ሆኖ፣ የተሠራ መሆን አለበት። ያው 4 ጊጋባይት በ8 ቺፖች ብቻ ከተሠራ እያንዳንዱ ቺፕ ከሚችሉት በላይ ጥቅጥቅ ስለሚሆን አይነሱም። ሁለት ካርዶች በመጠን፣ በፍጥነትና በቮልት አንድ ሆነው አንዱ ሠርቶ ሌላው የማይሠራበት ምሥጢር ብዙ ጊዜ ይህ ነው። በተመሳሳይ ሁኔታ የኢንቴል 2ኛ፣ 3ኛና 4ኛ ትውልድ ኮር ዴስክቶፖች በአንድ ስሎት ከ8 ጊጋባይት በላይ ዲዲአር3 አያነሱም። በአዲሱ ጫፍ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ገበያ ላይ የዋሉት ባለ 24 እና ባለ 48 ጊጋባይት የዲዲአር5 ካርዶች ከእነሱ በፊት በተሠሩ ማዘርቦርዶች ላይ ባዮስ ካልታደሰ አይሠሩም። እድሳቱ የሚደረገው አሮጌው ራም ተመልሶ ገብቶ ነው።

በኢትዮጵያም ሆነ በሌላ አገር በስፋት የሚሸጡት ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይሻሉ። መጽሐፍ የሚያካክሉት ትንንሾቹ ዴስክቶፖች፣ ለምሳሌ የዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ፣ የሚጠቀሙት የላፕቶፕ ራም ነው። ከመግዛት በፊት ኬዙን ከፍቶ የገባውን ካርድ ማየት ሞዴሉን በቃል ከመናገር ይሻላል።

ምርመራው

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። መጀመሪያ አዲሱ ካርድ ወጥቶ አሮጌው በነበረበት ስሎት ይመለሳል። ኮምፒውተሩ ከተነሳ ማዘርቦርዱ፣ ፕሮሰሰሩና ፓወር ሰፕላዩ ጤነኛ ናቸው፤ ቀሪው ጥያቄ ስለ አዲሱ ካርድ ብቻ ነው። ቀጥሎ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ብቻውን በዚያው ስሎት ይሞከራል። ስሎቱን መለወጥ የለበትም፤ ካርዱም ስሎቱም በአንድ ጊዜ ከተለወጡ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

አዲሱ ብቻውን ካልተነሳ ካርዱ አይስማማም ወይም ተበላሽቷል፤ የሚለየው በሌላ ተመሳሳይ ኮምፒውተር ላይ በመሞከር ነው። አዲሱም አሮጌውም ለየብቻቸው ሠርተው ሁለቱ ሲገናኙ እምቢ ካሉ ጥፋቱ የጋብቻው ነው። የተለያየ ፍጥነት ያላቸው ካርዶች ሲደባለቁ ሁሉም በዘገምተኛው ፍጥነት መሄድ አለባቸው፤ ሁሉም ማዘርቦርድ ግን ይህን በራሱ አያስተካክልም። እንዲህ ሲሆን አንዱን ካርድ ብቻ አስገብቶ፣ ባዮስ ውስጥ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ አስቀምጦ፣ ከዚያ ሁለተኛውን መጨመር ይቻላል። አራት ካርድ በአንድ ላይ ማንሳት ከሁለት ይከብዳል። ኤኤምዲ ለራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች በሁለት ካርድ እስከ 5200 የሚደርሰውን የዲዲአር5 ፍጥነት በአራት ካርድ 3600 ብቻ ብሎ መወሰኑ ክብደቱን ያሳያል።

አንድ ካርድ በአንዳንድ ስሎት ሠርቶ በሌላው ካልሠራ ስሎቱ ወይም የፕሮሰሰሩ ሶኬት ይጠረጠራል። ፒኖቹ በማዘርቦርዱ ላይ በሆኑ ሶኬቶች አንዲት የተጣመመች ፒን ሙሉ ቻናል ልታጠፋ ትችላለች። የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ በአንድ ወገን ከመጠን በላይ ሲጠብቅም ተመሳሳይ ነገር ይፈጠራል፤ ራም ለማስገባት ብሎ ማቀዝቀዣውን የፈታ ሰው ይህን ማስታወስ ይኖርበታል።

አሮጌው ካርድ ተመልሶም ካልተነሳ፣ ሁሉንም ራም አውጥቶ ባዶውን ማብራት ጠቃሚ ሙከራ ነው። ማዘርቦርዱ ራም የለም ብሎ በድምፅ ወይም በመብራት ካሳወቀ ፕሮሰሰሩና ባዮሱ በሕይወት አሉ። ምንም ካላለ ፍለጋው ከራም ወደ ኤሌክትሪክ ገመዶቹ ይዛወራል።

ድምፅና መብራት

የቢፕ ትርጉም እንደ ባዮሱ ሠሪ ይለያያል። በኤኤምአይ ባዮስ 1፣ 2 ወይም 3 አጫጭር ቢፕ ከማስታወሻ ጋር የተያያዘ ችግር ሲሆን፣ በአዋርድ ባዮስ ያለማቋረጥ የሚደጋገም ረጅም ቢፕ ያንኑ ያመለክታል። በብዙ የዴል ኦፕቲፕሌክስ ሞዴሎች የማብሪያው ቁልፍ 2 ጊዜ ብርቱካናማ፣ 3 ጊዜ ነጭ ብልጭ ካለ ራም አልተገኘም ማለት ነው። በአዳዲስ ማዘርቦርዶች ጠርዝ ላይ ደግሞ ፕሮሰሰር፣ ዲራም፣ ቪጂኤና ቡት የሚሉ አራት ደቃቅ መብራቶች ይገኛሉ፤ የዲራሙ በርቶ ከቀረ ሥልጠናው አላለቀም ወይም አልተሳካም። ዝምታ ግን ማስረጃ አይደለም። ብዙ ኬዞች ያለ ስፒከር ስለሚሸጡ ማዘርቦርዱ ቢጮኽም አይሰማም፤ በማዘርቦርዱ ፒን ላይ የምትሰካ ትንሽ ስፒከር ይህን ትፈታለች።

ባዮስን ወደ መነሻው መመለስ

ባዮስ ለአሮጌው ራም የተቀመጠለትን ፍጥነት በአዲሱ ላይ ሊሞክር ይችላል። በተለይ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚባለው የፍጥነት መርሐ ግብር በርቶ ከነበረ እንዲህ ይሆናል። ማስተካከያውን ለማጥፋት ገመዱ ተነቅሎ፣ ሲአር2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ ትወጣለች፣ ወይም ለዚሁ የተዘጋጁት ሁለት ፒኖች በካቻቢቴ ጫፍ ለአፍታ ይገናኛሉ።

ይህ ግን ዋጋ አለው። ሰዓቱና ቀኑ ይጠፋሉ፤ ዋናው ግን እሱ አይደለም። የዲስኩ አነባበብ መንገድ ከመነሻው የተለየ ሆኖ ተቀምጦ ከነበረ፣ ባዮሱ ሲመለስ ዊንዶውስ ዲስኩን ማንበብ አቅቶት በሰማያዊ ስክሪን ይቆማል። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ደግሞ 48 አሃዝ ያለው የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል፤ ቁልፉ የሌለው ሰው ፋይሉን አያገኝም። ስለዚህ ባትሪዋ ከመነካቷ በፊት፣ ማሽኑ በአሮጌው ራም የሚነሳ ከሆነ፣ ቁልፉን ከማይክሮሶፍት አካውንት ወይም ከተቀመጠበት ፈልጎ በወረቀት መያዝ፣ የባዮሱንም ማስተካከያ በስልክ ፎቶ ማንሳት ያስፈልጋል።

ባዮስ ተነስቶ ዊንዶውስ ሲወድቅ

ባዮስ አዲሱን ራም ቆጥሮ፣ ዊንዶውስ ግን እየጫነ ሳለ በሰማያዊ ስክሪን ከወደቀ ካርዱ ይሠራል፤ የሚሠራው ግን በስሕተት ነው። ይህ ጨርሶ ከአለመነሳት ይልቅ አሳሳቢ ነው፤ ምክንያቱም ፋይል ወደ ዲስክ ከመጻፉ በፊት በራም ውስጥ ያልፋል፣ እዚያ የተበላሸ ቢት ተበላሽቶ ይጻፋል። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ማሽን እስኪመረመር ድረስ ሰነድ ባይቀመጥበት ይመረጣል።

ለምርመራው ዊንዶውስ የራሱ የማስታወሻ መፈተሻ አለው። ይበልጥ ጥልቅ የሆኑት ሜምቴስት86 እና ነጻው ሜምቴስት86ፕላስ ከፍላሽ ዲስክ ስለሚነሱ ዊንዶውስን አይፈልጉም። ሙሉ ዙር እንደ ራሙ መጠን ሰዓታት ሊፈጅ ስለሚችል ማታ አስጀምሮ መተው የተለመደ ነው። የሚፈቀደው የስሕተት ቁጥር ዜሮ ነው። ስሕተት ከታየ ኤክስኤምፒ ጠፍቶ ይደገማል። በዚያ ከጠፋ ካርዱ ጤነኛ ሆኖ የተጻፈለትን ፍጥነት በዚያ ማዘርቦርድ ላይ አልቻለም ማለት ነው፤ በዝቅተኛው ፍጥነት ይቀጥላል። ካልጠፋ ካርዶቹ አንድ በአንድ ተፈትነው ስሕተት ያሳየው ለሻጩ ይመለሳል።